አባቴ እያዩ ለምን «ዓይነ ስውር» ተባሉ?

ጥያቄው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ሳሳጥረው እንዲህ ይላል፦

«አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጡ ገና ዓመትም አልሞላቸው። እዚህ ዓይናቸውን ሲመረመሩ ግላኮማ አለብዎት ተባሉ። ፎርሙ ላይ ‹ሊጋሊ ብላይንድ› (በሕግ ዓይነ ስውር) ተብሎ ተጻፈ። እሳቸው ግን ያነባሉ፣ ዜና ያያሉ፣ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እንኳ ይለዩኛል። ሰሌዳው ላይ ያሉትንም ፊደላት እስከ ታች ድረስ ጠርተዋል። ‹ማታ ማታ ትንሽ ያደናብረኛል፣ ዳፍንት ነው› ይላሉ። ‹ቁጭ ብዬ እያየሁ ዕውር አትበሉኝ› ብለው ፎርሙን አልፈርምም አሉ። በዚያ ላይ ለአዲስ ጠብታ ጥናት ይሳተፉ ተብሎ የተሰጠን ወረቀት ‹ደብል ብላይንድ› (ድርብ ዕውር) ይላል። ‹ይኸው፣ ሁለቱንም ሊያጠፉልኝ ነው› ብለው ጭራሽ ተቆጡ። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆን?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሐኪሙ የተሳሳተ አይመስለኝም። አባትሽም ልክ ናቸው፤ ያያሉ። ፎርሙ ላይ ያለው ቃል ግን አያዩም ማለት አይደለም። ይህን ቁጭ አድርጎ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ያ አምስት ደቂቃ አለመሰጠቱ ነው የሚያናድደኝ።

ዓይነ ስውር ሲባል ሁላችንም የሚመጣብን ድቅድቅ ጨለማ ነው። በዓይን ሕክምና ግን ጨለማው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ታካሚው የሰሌዳውን ትልቁን ፊደል ማንበብ ካቃተው ጣት እናስቆጥራለን። መጀመሪያ ራቅ ብለን፣ ከዚያ እየቀረብን። ጣት መቁጠር ካልቻለ ፊቱ ላይ እጃችንን እናወዛውዛለን። እሱም ካልታየው ባትሪ አብርተን «መብራቱ በየት በኩል ነው?» እንላለን። ይህንንም ካላወቀ ብቻ ነው «ብርሃን አያይም» ብለን የምንጽፈው። ዓይነ ስውር ተብለው ከተመዘገቡ ሰዎች አብዛኞቹ እዚያ ድረስ አልደረሱም። መስኮቱ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ። ጥላ የሚያይ አለ። በትልቅ ፊደል የሚያነብም አለ።

ታዲያ ከየት ጀምሮ ነው ዓይነ ስውር የሚባለው? መስመሩን የሚያሰምረው ሕግ ነው፤ መስመሩም እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዞች በ1920 ባወጡት ሕግ ሥራን ነው መለኪያ ያደረጉት። ማየት የግድ የሚያስፈልገውን ሥራ መሥራት የማይችል ሰው ዓይነ ስውር ተባለ። አሜሪካኖች ቁጥር መረጡ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1934 መለኪያውን አወጣ። በማግስቱ ዓመት ለዓይነ ስውራን ድጎማ የሚሰጥ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲመጣ መለኪያው ሥር ሰደደ። የአባትሽ ፎርም ላይ ያለው ቃል የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የተፈጠረውም ድጎማ ለማን ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን ነው።

ቁጥሩ ታዋቂው 20/200 ነው። ጤነኛ ዓይን ከ200 ጫማ ላይ የሚያነበውን ፊደል ለማንበብ 20 ጫማ ድረስ መቅረብ አለብሽ ማለት ነው። ሰሌዳውን ሆላንዳዊው ሐኪም ስኔለን በ1862 ካወጣው ጀምሮ እንዲህ ነው የምንለካው። በሜትር ሲጻፍ 6/60 ይሆናል። ልብ በይ፣ የሚለካው በተሻለው ዓይን ነው፤ ያውም መነጽር ከተደረገ በኋላ። አንድ ዓይኑ ፈጽሞ የጠፋ ሰው ሌላኛው ደህና ከሆነ በዚህ ሕግ ዓይነ ስውር አይባልም። መነጽሯን ስታወልቅ እናቷን የማትለየው ልጅም አትባልም።

የዓለም ጤና ድርጅት መስመር ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ ከ3/60 በታች። ስለዚህ 4/60 የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ላይ በዚያ መለኪያ «ከባድ የእይታ ችግር ያለበት» ነው። ያው ሰው ዋሽንግተን ሲያርፍ ዓይነ ስውር ይሆናል። አውሮፕላኑ ላይ የጠፋ እይታ የለም።

«አባቴ ግን ፊደሉን እስከ ታች ጠርተዋል» ትይኛለሽ። ቁልፉ ያለው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካው ሕግ ሁለተኛ መስፈርት አለው፤ የእይታ መስክ። አንድ ሰው መሃል ላይ ያለውን የቱንም ያህል ጥርት አድርጎ ቢያይ፣ የሚያየው ስፋት ከ20 ዲግሪ ካልበለጠ ዓይነ ስውር ነው። የዓይን ነርቭን የሚገድለው ግላኮማ ደግሞ የሚበላው ይሄንኑ ስፋት ነው። አባትሽን አልመረመርኳቸውም። ግን ግላኮማ ያለበት ሰው ታች ያለውን ፊደል እያነበበ ይህ ቃል ከተጻፈበት፣ ምክንያቱ የመስክ ጥበት ካልሆነ ሌላ አይታየኝም።

20 ዲግሪ ስንት እንደሆነ አሁኑኑ ሞክሪው። ሁለቱን ክንዶችሽን ወደፊት ዘርጊ። ጡጫ ጨብጪና ጎን ለጎን አጋጥሚያቸው። የሁለቱ ጡጫ ስፋት ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ጤነኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ወደ 180 ዲግሪ ያያል። አባትሽ ከዚያ ሁሉ የቀራቸው ቢበዛ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንምጣ። 20 ዲግሪ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። ለዚህ ነው ከመንገድ ማዶ ከነአካሄድሽ የሚለዩሽ፤ ሙሉ ሰው በደንብ ይገባበታል። በ3 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ነው። ቴሌቪዥን በደንብ ይታያል። ግማሽ ሜትር ላይ፣ ማለትም ገበታ ላይ ሲቀመጡ፣ 18 ሳንቲሜትር አይሞላም። የጉርሻው ቦታ ይታያቸዋል፤ አጠገቡ ያለው ብርጭቆ አይታያቸውም። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሰሞኑን ውኃ አልደፉም? ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ላይ ሊወጡ አልደረሱም? በርጩማ አላደናቀፋቸውም? ከጎናቸው የመጣ ሰው ሲያናግራቸው አይደነግጡም? ከእነዚህ ሁለቱን እንኳ አዎ ካልሽ ነገሩ ዳፍንት አይደለም።

አባትሽ እየካዱ አይደለም፤ እንደዚያ አድርገሽ አትውሰጂባቸው። መስክ ሲጠብ ዙሪያው አይጠቁርም። ጥቁር ክብ የሚያይ የግላኮማ ታካሚ ብዙም አይገጥመንም። አንጎል ክፍተቱን በአካባቢው ባለው ቀለም ይደፍነዋል፤ ሰውየውም የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም። ይህ በአንቺም ዓይን አለ። ወረቀት ላይ የመስቀል ምልክት አድርጊ፤ በስተቀኙ 8 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገሽ ደማቅ ነጥብ አድርጊ። ግራ ዓይንሽን ሸፍኚ። በቀኝ ዓይንሽ መስቀሉን ብቻ እያየሽ ወረቀቱን ቀስ እያልሽ ወደ ፊትሽ አምጪው። 30 ሳንቲሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል። ቦታው ላይ ጥቁር ቀዳዳ አይታይሽም፤ ነጭ ወረቀት ነው የሚታይሽ። ፈረንሳዊው ማሪዮት በ1660ዎቹ ያገኘው ነገር ነው። የዓይን ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሴል የለም። ዕድሜ ልክሽን ከዚህ ጋር ኖረሻል፤ አላወቅሽም። የአባትሽም እንዲሁ ነው፤ የእሳቸው ሰፋ ብሎ ነው እንጂ። ይህችን ሙከራ እሳቸውንም አታስሞክሪያቸው፤ የእሳቸው መስክ ስለጠበበ ግራ ያጋባል። አንቺ ሞክረሽ ብትነግሪያቸው ይሻላል።

ዳፍንት ያሉትም እንዲሁ የመጣ አይደለም። እውነተኛው ዳፍንት ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ሴሎች ያለዚህ ቫይታሚን ቀለማቸውን መሥራት አይችሉም። የሚያጠቃውም በአብዛኛው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ነው። በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታም ያመጣዋል። አትክልቱና እንቁላሉ ሞልቶ በሚበላበት ቤት የ72 ዓመት ሰው ዳፍንት ያዘው ቢባል አላምንም። ግላኮማ ግን ጨለም ሲል ይብሳል፤ ደረጃው፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይጠፋል። ስለዚህ ከፋርማሲ የቫይታሚን ብልቃጥ ገዝተሽ አትምጪ።

ሐኪሙ ሊሳሳት የሚችልበት አንድ ቦታ አለ፤ የመስክ ፈተናው ራሱ። አገጫቸውን አስደግፈው፣ አንዱን ዓይን ሸፍነው፣ መሃል ላይ ያለችውን መብራት አትኩረው እያዩ፣ በጎን ብልጭ ያለች ነጥብ ባዩ ቁጥር ቁልፍ የሚጫኑበት ማሽን ነው። አሰልቺ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ሰው ብዙ ጊዜ ውጤቱ ከእውነቱ የባሰ ይወጣል። ነጥቧን ፍለጋ ዓይኑን ያንከራትታል፤ ወይም እስኪያረጋግጥ ይጠብቅና ያመልጠዋል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ አስቢው። የውጤቱ ወረቀት ላይ ፈተናው የሚታመን መሆን አለመሆኑን የሚያሳዩ ቁጥሮች አሉ። «ውጤቱ አስተማማኝ ነው ወይ? ይደገምላቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ነውር አይደለም፤ እኛም ብዙ ጊዜ እናስደግማለን። ስትሄጂ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ሁሉ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክም ቢሆን ይቀርባል። የ12 ዓመት ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፤ ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ልጁ የከበደውን ቃል ዝም ብሎ ይዘለዋል።

ወደ «ደብል ብላይንድ» ልምጣ። አባትሽ ሲቆጡ ሳቅ ብዬ ነበር፤ ግን ሞኝ አይደሉም። እኛው የዓይን ሐኪሞች በዚህ ቃል ተቸግረናል። የሙከራ ጥናት ላይ አንዱ ቡድን አዲሱን መድኃኒት፣ ሌላው የተለመደውን ይወስዳል። ማን የቱን እንደወሰደ ታካሚውም የሚመረምረውም ሐኪም አያውቁም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ድርብ የተባለው ሁለቱም ወገን ስለማያውቁ ነው። በዓይን ሕክምና መጽሔቶች ላይ ይህን ቃል ትተን «ጭንብል የለበሰ» የሚል አጻጻፍ የምንመርጠው የአባትሽ ዓይነት ድንጋጤ እንዳይመጣ ነው። የጥናቱ አዘጋጆች ይህን ለዓይን ታካሚ ሳያስቡበት መጻፋቸው ይገርመኛል።

ነገሩ ግን የጀመረው በእውነተኛ የዓይን መሸፈኛ ነው። በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ሜስመር የሚባል ሐኪም በማይታይ መግነጢስ ሰው እፈውሳለሁ እያለ ፓሪስን አሳብዶ ነበር። ከኮሚሽኑ አባላት አንዱ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። የሰዎቹን ዓይን በጨርቅ ሸፈኑ። መግነጢስ እየተላከባችሁ ነው ሲባሉ ምንም ሳይደረግባቸው ተንቀጠቀጡ። ሳይነገራቸው ሲደረግባቸው ደግሞ ምንም አልተሰማቸውም። ዛሬ ማንም የማንንም ዓይን አይሸፍንም። ቃሉ ብቻ ቀረ።

ጥናቱ ላይ ይግቡ አይግቡ የሚለውን እኔ ከሩቅ አልወስንም። መጠየቅ ያለብሽን ግን ልንገርሽ። አሁን የሚወስዱትን ጠብታ አቁሙ ይሏቸዋል? የሚወዳደረው ከተፈተነ መድኃኒት ጋር ነው ወይስ ከባዶ ጠብታ ጋር? መስካቸው ይህን ያህል ለጠበበ ሰው ያለ መድኃኒት የሚያልፍ ሳምንት ዋጋ አለው። ብዙ ጥናቶችም እንዲህ የገፋ ግላኮማ ያለበትን ሰው ከመጀመሪያውም አይቀበሉም። ከገቡ በኋላም በፈለጉ ጊዜ መውጣት መብታቸው ነው።

አባትሽን ያስቆጣቸው የሕክምናው ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። «ዕውር» በእኛ ዘንድ ከበሽታ ስምነት አልፎ ስድብ ነው። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» እየተባለ ሲተረት ሰምቶ ላደገ ሰው ይህን ቃል በማኅተም ማጽደቅ ቀላል አይደለም። ዱሮ እንዲህ አልነበረም፤ የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እኮ ስሙ «መርሐ ዕውራን» ነው። ዓይናቸው የማያይ የቅኔና የዜማ መምህራን ዘንድ ተማሪ ከሩቅ አገር ይጎርፍ ነበር። ከእኛው ዘመን ደግሞ የሕግ ባለሙያዋን የትነበርሽ ንጉሤን ጥቀሺላቸው። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የወሰደች ናት። ግን አትስበኪያቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፈው አባት ስብከት አይወድም።

እዚህ ላይ የግላኮማን ጠባይ ከዓይን ሞራ ለይተሽ ማወቅ አለብሽ። በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር የተገኘው። የግማሹ ምክንያት ሞራ ነው። ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነው በትራኮማ ጠባሳ ነው። ግላኮማ 5 በመቶ አካባቢ ነበር። በሞራ የታወረ ሰው በቀዶ ሕክምና ሞራው ወጥቶ ሌንስ ሲገባለት እንደገና ያያል። ለዚህ ነው አገር ቤት ያሉ ዘመዶች «ኦፕራሲዮን ይደረጉ፣ ይበራላቸዋል» የሚሉሽ። በግላኮማ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ከ1 ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት፤ የሞተውን የሚተካ ሕክምና ዛሬ የለም። ጠብታው፣ ጨረሩ፣ ቀዶ ሕክምናው ሁሉ የዓይን ግፊትን ቀንሶ የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ አባትሽ «ጠብታው ምንም አልጠቀመኝም» ካሉሽ፣ ልክ ናቸው፤ የሚሰማ ጥቅም የለውም። ማቆም ግን አይቻልም።

ጠብታውን ስታደርጊላቸው ዓይናቸውን ይጨፍኑ፤ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትሽ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያዢ። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም እንዳይሄድ ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካላቸው በመካከል 5 ደቂቃ ጠብቂ። አስም ካለባቸው ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳታድሪ፤ ቲሞሎል የሚባለው ጠብታ አስም ይቀሰቅሳል። መኪና የሚነዱ ከሆነ ቁልፉን ዛሬውኑ ተቀበያቸው። በዚህ አልደራደርም። ከጎን የሚሮጥ ልጅ አይታያቸውም።

ፎርሙን ይፈርሙ። ፈተናው ተደግሞ ውጤቱ ያው ከሆነ ሳያቅማሙ ይፈርሙ። ያ ወረቀት በሩን የሚከፍት ቁልፍ ነው። የፌዴራል ግብር ለሚያስገባ ሰው ተጨማሪ ቅናሽ አለው። በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው አገልግሎት መጻሕፍትን በድምፅ በነፃ ይልካል። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ለሆኑ ዓይነ ስውራን ቤት ድረስ መጥቶ የሚያሠለጥን ፕሮግራም በየስቴቱ አለ። ነጭ በትር አያያዝ፣ ምድጃ አጠቃቀም፣ ደረጃ አወራረድ ያስተምራሉ። አንገትን እያዞሩ አካባቢን መቃኘትንም ያስለምዳሉ፤ ለጠበበ መስክ ከዚህ የሚበልጥ መላ አላውቅም። የገንዘብ ድጎማው ግን በመኖሪያ ፈቃዳቸው ዓይነትና በቆይታቸው ስለሚወሰን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውን ጠይቂ።

ቤት ውስጥ ረከቦቱን ከመተላለፊያ አንሱት። በርጩማው ግድግዳ ይጠጋ። የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ፕላስተር አድርጉበት። ሲኒውን ሁልጊዜ በአንድ በኩል አስቀምጡላቸው፤ በስተቀኝ ካላችሁ በስተቀኝ።

የቀረው የአንቺ ጉዳይ ነው። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። የታመመ ወላጅ ያለው ሰው አደጋው ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በኢትዮጵያውያን ላይ ደግሞ የዓይን ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ የሚታይበት ዓይነት በብዛት አለ፤ ግፊቱ ከፍ የሚልና ቶሎ የሚጎዳ ነው። አይታመምም፣ አይቀላም። አንቺና ወንድምሽ፣ አዲስ አበባ ያለችውም እህትሽ ካለች፣ ግፊታችሁንና ነርቫችሁን አስለኩ። መነጽር ቤት ፊደል አንብባችሁ መውጣት አይበቃም፤ ጥቁሩን በጠብታ አስፍተው ውስጡን ይዩላችሁ። ስትሄዱም «አባታችን ግላኮማ አለባቸው» ብላችሁ ጀምሩ።